ለአራት ገንዳ አንድ ፓምፕ

ዓሣ ያስጠላኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለዓሣ ካለኝ ፍቅር ያደረግሁት እንዳይመስል ነው። ጠረኑን አልችለውም። የሚያሙለጨልጨው ገላው፣ የማይጨፈነው ዓይኑ፣ ያለ ድምፅ የሚከፈትና የሚዘጋው አፉ፣ ሁሉም ያንገሸግሸኛል። የአባያ ዓሣ ሶዶ ገበያ ሲገባ እንኳ መንገድ ቀይሬ ነው የማልፈው።

ልጄ አራት የመስታወት ገንዳ የደረደረችው እንዲህ ባለች ሴት ሳሎን ውስጥ ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በእንስሳት እርባታ ተመረቀች። እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የምረቃ ልብሷን ለብሳ ፎቶ ስትነሣ ከእንግዲህስ ሐሳብ የለብኝም ብዬ ነበር። ሐሳቡ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወቂያ በወጣበት ሁሉ አመለከተች፤ ለፈተና ዲምቱ ድረስ ሄደች፤ የጠራት የለም። አባቷ በሕይወት የለም፤ የሚያውቅላት ዘመድም ቢሮ ውስጥ የለንም። ቤት ተቀምጣ ስልኳን ስታይ ከረመች። በመጨረሻ ሐዋሳ ያለች ጓደኛዋ ጥቂት የጌጥ ዓሦች ውሃ በሞላ ፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ በሚኒባስ ላከችላት። ከዚያ በኋላ ልጄ ከአልጋዋ ማልዳ መነሣት ጀመረች። ዓሦቹ ረቡ፤ አንዱ ገንዳ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። ካፌ ያላቸው ሰዎችና አዲስ ቤት የሠሩ ሰዎች እየመጡ ይገዟት ጀመር። ከበዴሳ ሳይቀር ደምበኛ አገኘች።

ቤቴ ግን ሸተተ። የጸሎት እህቶቼ በተራዬ ቀን እኔ ቤት ሲሰበሰቡ አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ከሶፋው ሥር የሞተ አይጥ እንዳይኖር እስቲ እዪ» አለችኝ። አይጥ ቢሆንማ በወደድኩ። አይጥ ይወጣል።

ሽታው ብቻ አይደለም። በመስታወቱ ጥግ አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል። ከጓሮ በባልዲ የወባ ትንኝ እጭ ታረባለች፤ ለዓሦቹ ምግብ ነው አለችኝ። ወንድሜን ወባ ይዞት በዴሳ ላይ ከሞት አፍ የመለስነው ሰዎች ነን፤ እሷ ትንኝ በባልዲ ታሳድጋለች! ባልዲውን በጨርቅ ሸፍና ጠርዙን በገመድ ታስራለች፤ እኔ ደግሞ ማታ ማታ ገመዱ እንዳልላላ እየሄድኩ አያለሁ። የውሃ ቅየራዋ ደግሞ ይብሳል። ቀጭን ጎማ ገንዳው ውስጥ ትከትና ሌላውን ጫፍ በአፏ ትስባለች። በአፏ! ዓሦቹ የሚበሉበትንና የሚጸዳዱበትን ውሃ።

«አንቺ ልጅ፣ ትታመሚብኛለሽ።»

«እማ፣ አፌ ሳይደርስ እለቀዋለሁ።»

«ካመለጠሽስ?»

«ካመለጠኝማ ምሳ በላሁ ማለት ነው።»

አራቱ ገንዳዎች እያንዳንዳቸው ትንሽ የአየር ፓምፕ ነበራቸው። ሥራው አየር በቀጭን ጎማ ወደ ውሃው መላክ ነው፤ ጎማው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አለ፣ አየሩ በእሱ ውስጥ አልፎ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ያ ከሌለ በጠባብ ገንዳ የታጨቁ ዓሦች ይታፈናሉ። አራቱ ፓምፖች መሬት ላይ ተቀምጠው ቆሻሻ ላይ እንደ ሰፈረ ዝንብ ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። አራቱም የሚሰኩት ወለሉ ላይ በተጋደመ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው። ትንሿ ልጄ ደግሞ የምታየውን ሁሉ ካልነካች አይሆንላትም። እኔ እንዴት ልተኛ?

የፈራሁት አልቀረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ፓምፖቹ ሲቆሙ የገንዳው ውሃ በጎማው ውስጥ ወደ ኋላ መጥቶ በፓምፑ በኩል ማከፋፈያው ላይ ተንጠባጠበ። ማናችንም አላየንም። መብራቱ ሲመለስ ጧ አለና ሰማያዊ እሳት ዘለለ፤ የተቃጠለ ላስቲክና የዓሣ ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ትንሿ ልጄ ከዚያ አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነበር።

ትንሿን ወደ ደረቴ ስቤ፣ «ዛሬውኑ ይውጡልኝ!» አልኩ።

ትልቋ ልጄ አልጮኸችም። ማከፋፈያውን በእንጨት ገፍታ ከሶኬቱ ነቀለችው። ከዚያ፣ «እሺ እማ። እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ» አለች።

«ወዴት?»

«ወደ ዓረብ አገር። ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ። ደላላውንም አነጋግሬዋለሁ።»

ፓስፖርቱን ከቡፌው መሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ። የእኔ የራሴ ቡፌ፣ የእኔ መሳቢያ፤ እኔ የማላውቀው ነገር ተቀምጦበታል። ከሰፈራችን የሄዱ ልጆች አሉ። ደህና የተመለሱ አሉ፤ ምን እንደሆኑ እስከዛሬ ያልተሰማም አሉ። የአንዷን እናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁልጊዜ ከጎኔ ነው የማገኛት።

ያ ደላላ በሳምንቱ፣ ዓሦቹ ገና ሳይወጡ፣ ቤቴ መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው፤ የሽቶው ጣፋጭነት ከዓሣው ሽታ የባሰ አቅለሸለሸኝ። ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ተቀመጠና ልጄን በዴሳ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያየው ከላይ እስከ ታች አያት።

«እጇ ጠንካራ ነው፤ ጥሩ ነው። ወገብሽን አያምሽም አይደል?» አላት። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ አትስጊ። እንደ ልጄ ነው የማያት። ሁለት ዓመት ምን አላት? ዐይን ጨፍኖ መክፈት ነው።»

«የአንተ ልጆች የት አገር ነው የሚሠሩት?» አልኩት።

«የእኔማ ገና ተማሪዎች ናቸው» ብሎ ሳቀ።

ሲነሣ ገንዳዎቹ ጋ ቆመ። ሲያኝከው የነበረውን ማስቲካ በጣቱ ከአፉ አውጥቶ ውሃው ውስጥ ጣለ። «ይበሉት ይሆን?» አለ። ዓሦቹ ተሯሩጠው ማስቲካውን በአፋቸው ይገፉት ጀመር። ልጄ ደጅ ልትሸኘው ወጣች። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ገንዳዎቹን ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጋጉ ክንዴ ላይ ተለጠፈ፤ ዓሦቹ ጣቴን በአፋቸው ነካኩኝ። ማስቲካውን አውጥቼ ወረወርኩት። የዓሣው ልጋግ በሳሙና ለቀቀኝ፤ የዚያ ሰው ምራቅ ግን እጄ ላይ ያለ እየመሰለኝ ቀኑን ሙሉ ስታጠብ ዋልኩ።

ማታ ልጄን፣ «ዓሦቹ ይቆዩ። ግን አራት ፓምፕ መሬት ላይ አላይም። አንድ ፓምፕ ይሁን፤ ሽቦው አንድ፣ ከውሃ የራቀ» አልኳት።

«ለአራቱ የሚበቃ አንድ ፓምፕ መምረጥ ቀላል አይደለም እማ» አለች። ስታስረዳኝ ድምፅዋ ሞቅ አለ። የፓምፑ ጉልበት ብቻ አይበቃም አለችኝ። ገንዳዎቹ ጥልቀታቸው ይለያያል፤ አየር ደግሞ ሰነፍ ነው፣ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ጥልቀት በሌለው ገንዳ በኩል ሮጦ ይወጣና ጥልቁ ገንዳ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ትንሽ መዝጊያ ያስፈልጋል፤ ቀላሉን ጠበብ፣ ከባዱን ሰፋ ለማድረግ። ይህ ገባኝ። የእኛ ሰፈር ከዳሞታ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲለቀቅ ታች ያሉት ቤቶች በርሜላቸውን ሞልተው ግቢ ሲያጥቡ የእኛ ቧንቧ ፉጨት ብቻ ነው የሚያሰማው።

ወንድሜ ግን ከሁላችንም በላይ አውቃለሁ ብሎ ተነሣ። ወደ አርባ ምንጭ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲያስተነፍስና ሲነፋ የሚውል ሰው። «አየር ነው ያጣችሁት? እኔ እያለሁ?» አለ። በማግስቱ የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ጥብቅ አድርጎ ነፍቶ፣ ባጃጅ ጣራ ላይ አስሮ መጣ። አፉ ላይ ቀጭን ጎማ አስገባ፣ በሽቦ አጠበቀ፤ አየሩ በጥቂት በጥቂቱ እንዲወጣ ማለት ነው።

ልጄ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች። «አጎቴ፣ የኮምፕሬሰርህ አየር ዘይት አለው። ይገድላቸዋል።»

«አየር አየር ነው! ተሳቢ የሚሸከም አየር ጣት ለምታክል ዓሣ ሊያንሳት?»

እኔ በወንድሜ በኩል ሆንኩ። ሽቦ የለውም፣ ጩኸት የለውም፣ መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ ማንንም አይዝም። ለአንዲት እናት ከዚህ የሚሻል ምን አለ? ቢሆንም አራቱም ላይ አይሁን፣ በር አጠገብ ባለው ገንዳ ይሞከር አልኩ። ከመነዳሪውን ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ አስቀመጥነው። አረፋው እየተንቦለቦለ ወጣ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድሜ ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

በነጋታው ገንዳው ላይ ቆዳ ነበር። ለጊፋታ በዓል የቅቤ ድስት የታጠበበት እጣቢ ሲያድር የሚይዘውን ዓይነት፤ ብቻ ይህኛው ቀለም አለው፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ የጋራዥ ሽታ ይሸታል። ከቆዳው ሥር ዓሦቹ በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። አንዳንዶቹ ነጭ ነጭ ነገር ከአፋቸው ወጥቷል። ልጄ አየቻቸው፣ መኝታ ቤት ገባች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ በሻይ ማጥለያ፣ አንድ በአንድ። ማጥለያውንም አብሬ ጣልኩት። ወንድሜ ሲመጣ ከመነዳሪውን እየደበደበ፣ «ይኸው እኮ ገና አልተነፈሰም!» አለ። ስንት ነገር ሊወጣኝ ነበር፤ ልጄ በዚያው ሰዓት ደላላውን በስልክ፣ «አዎ፣ ለጤና ምርመራው እመጣለሁ፣ ቀኑን ንገረኝ» ስትል ሰማኋትና ወንድሜን ረሳሁት።

በማግስቱ እጇን ይዤ ወደ ገበያ ወረድኩ። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ አሁን እሱ የወረሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ አለ። ሦስት ዓይነት ፓምፕ አወጣልን። ትልቁን ሰክቶ መዳፌ ላይ አስነፋው።

«ማዘር፣ ይሄ ለአሥር ገንዳ ይበቃል። ዓሣው በሬ ነው የሚያክልልሽ!»

«መዳፍ ላይማ እኔም እነፋለሁ። ውሃ ውስጥ ይንፋ።»

ሳቀብኝ። እኔ ግን ጎማውንና ድንጋዩን ከቤት በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት። የጥልቁን ገንዳ ልክ በክንዴ ለክቼዋለሁ፤ ከክርኔ ትንሽ ይበልጣል። ከሱቁ ጀርባ የውሃ በርሜል ነበረው። ውሃው ላይ ሁለት በረሮዎች ተንሳፍፈዋል፣ ዳሩን አረንጓዴ ሸማ ሸፍኖታል። ዐይኔን ጨፍኜ ክንዴን ከተትኩ። ትልቁ ፓምፕ አረፋው ብዙ ነው፤ ጩኸቱ ግን የወፍጮ ቤት ነው፣ ገላውም ወዲያው ጋለ። ትንሹ ደግሞ ላይ ላይ ሲሆን ይነፋል፤ ድንጋዩን ወደ ታች ስሰድደው ጭራሽ ዝም አለ። ነጋዴው ግድግዳ ተደግፎ ይመለከተናል።

«ማዘር፣ ባል ነው እንዴ የምትመርጪላት?»

«ለባልማ እንዲህ አልተመረጠም» አልኩት። ልጄ የበሩ ገንዳ ዓሦች ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሦስተኛው መካከለኛ ነው፤ ውስጡ ባትሪ አለው። ከክርኔ በታች ሰድጄው አረፋው ወጣ። ሶኬቱን ስንነቅለው ድምፁ ትንሽ ቀጠነ እንጂ አልቆመም። ልጄ ባለ አራት መዝጊያ የአየር ማከፋፈያ ገጠመችለትና አንዱን ጎማ ታች፣ ሌሎቹን ከላይ አድርጋ መዝጊያዎቹን ስታጠብና ስታሰፋ ቆየች። እስኪስተካከል ቸኩላ አልሄደችም። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ ጠየቀችው፤ የለኝም አለ።

«ከሌለው ፓምፑ ከውሃው በላይ መቀመጥ አለበት እማ። ቤታችን ውስጥ ከገንዳዎቹ ከፍ ያለ ነገር ቡፌው ብቻ ነው።»

የሠርጌ ብርጭቆዎች ናቸው ቡፌው ላይ ያሉት። ቤት እንደገባን በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳቸው። በቦታቸው ያ ነገር ተቀመጠ፤ እግሩ ሥር ስፖንጅ አደረግንለት፣ አራት ጎማ፣ ታጥቦ እንደገና ውሃ ወደተሞላው የበሩ ገንዳ ሳይቀር፣ እንደ አንጀት ወደ ታች ተዘረጋ። የዓሣ ቤቱ ነገር ሳሎኔን ጨርሶ ወሰደው። ሆኖም ወለሉ ደረቀ፤ ሽቦው አንድ ሆነ፣ ከትንሿ ልጄ እጅም ራቀ።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላም የምርመራው ቀን ሲደርስ ልጄ ለበሰች። ደላላው ልጃገረዶቹን ሰብስቦ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ለጤና ምርመራ ሊያሰልፋቸው ነው። አትሂጂ ብላት የምትሄድ መሰለኝ፤ ዝም ብላት ደግሞ ዝምታዬን ፈቃድ አድርጋ እንዳትወስደው ፈራሁ። በር ላይ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ ሳፍተለትል፣ «እማ፣ ዓሦቹን እዪልኝ» ብላኝ ሄደች።

እኩለ ቀን ሳይሆን መብራት ጠፋ። ፓምፑ ድምፁን አቅጥኖ በባትሪው ቀጠለ፤ ተመስገን አልኩ። ዞር ብዬ ሳይ ግን ሦስቱ ጎማዎች አረፋ ያወጣሉ፣ ጥልቁ ገንዳ ዝም ብሏል። በእሱ ውስጥ ያሉት ልጄ ከሁሉ አስበልጣ የምትጠነቀቅላቸው፣ ሊወልዱ ሆዳቸው ያበጠ ናቸው። ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን አሹለው አየር ይጎርሳሉ። ስልክ ደወልኩ፤ አታነሣም። እሷ ያሳየችኝን አስታውሼ የሦስቱን መዝጊያ አጠበብኩ። ምንም። ይህንንም ገንዳ እንደ በሩ አጠገቡ ካገኘችው ምን ብዬ ነው እዚህ ቤት የማስቀራት?

ጎማውን ስቤ አወጣሁት። ድንጋዩ የታመመ ሰው አክታ በሚመስል ቡናማ ልጋግ ተጀቡኗል። ነቀልኩት። ጎማውን ራሱን ወደ ብርሃን ሳቀናው መሐሉ ላይ ያው ልጋግ ተሰንቅሯል። ሌላውን ጫፍ ከመዝጊያው አላቅቄ በአፌ ነፋሁ። አልተነቃነቀም። ደግሜ ነፋሁ፤ ጆሮዬ ጮኸ። የቀረው አንድ ነገር ነው። ሳብኩት።

መጣ። አለቀቅሁትም፤ አመለጠኝ። ቀዝቃዛ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ የጭቃና ያደረ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ጣዕም ያለው ነገር ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ እጆቼ ተይዘዋል፤ አንዱ ጎማውን፣ አንዱ መዝጊያውን። ብተፋ ገንዳው ውስጥ ነው የሚገባው። አፌን ገጥሜ፣ ዐይኔ እንባ እየሞላ፣ ጎማውን ወደ መዝጊያው መልሼ ሌላውን ጫፍ ወደ ውሃው ሰደድኩ። ትልልቅ አረፋ ገፍትሮ ወጣ። ያኔ ነው የሮጥኩት። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቁርሴን ሁሉ አወጣሁ። አፌን ባጥበው፣ ባጥበው አልለቅ አለኝ፤ ገብቼ የቃሪያ ዳጣ በጣቴ ዝቄ ምላሴን፣ ድዴን፣ ላንቃዬን ቀባሁት። ተቃጠልኩ፤ ቢቃጠል ይሻላል።

ልጄ በሩን በርግዳ ስትገባ እንዲያ ሆኜ አገኘችኝ።

«እማ! መብራት ጠፍቷል!»

«አውቃለሁ።»

«ጥልቁስ?» ብላ ወደ ገንዳው ሮጠች። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው ይዋኛሉ። ጎማውን፣ ድንጋዩን፣ ከዚያ ፊቴን አየች። «አለቀስሽ እንዴ?»

«ዳጣ ነው። አንቺስ? ምርመራው?»

ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋ አቧራ ነው። «ተራዬ ሊደርስ ሁለት ሰው ቀርቶኝ ነበር። መብራት ጠፋ። ባትሪው ሲሆን አየሩ እስከ ጥልቁ ይደርስ ይሆን እያልኩ ወረፋው አስጠላኝ። ባጃጅ አጣሁ፤ ዳገቱን በእግሬ ነው የሮጥኩት።» ስልኳ ጮኸ። የደላላው ቁጥር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። አየችው፣ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው፣ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ከዚያ ጎማውን አነሣች።

«በአፍሽ ነው የሳብሽው?»

«በአፌ ነው።»

«ዋጥሽው?»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ምሳ በላሽ ማለት ነው» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፓስፖርቱ አሁንም ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከላዩ ፓምፑ ይጮኻል። ደላላው መደወሉን አልተወም፤ ልጄም ለዘለዓለም እቀራለሁ አላለችኝም። እኔም ዓሣ ከመጥላቴ የቀነሰ ነገር የለም። ጎማዎቹን ግን እሷ አታጥባቸውም፣ አላምናትም። በየሳምንቱ ቅዳሜ አራቱንም አውጥቼ፣ አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ፣ ውስጣቸውን በሽቦ የምጠርገው እኔ ነኝ።